የጤፋችንን ፊደል ራሳችን እናንብብ

በመስከረምና በጥቅምት ከአዴት ከተማ ወጣ ብሎ በይልማና ዴንሳ ማሳዎች መካከል የሚያልፍ መንገደኛ ዐይኑን የሚያሳርፈው በጤፍ ላይ ነው። ጤፍ ከእህል ሁሉ ያነሰች ናት፤ አንድ ሺህ ፍሬ ቢመዘን ከአንድ ግራም ሲሶ ገደማ ቢሆን ነው። ይህችን ታናሽ ፍሬ አባቶቻችን ለብዙ ዘመን ሲዘሩና ሲያጭዱ፣ ማኛውን ከሠርገኛው ለይተው ሲያስቀምጡ ኖረዋል። እንግዲህ ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ በዚያች ፍሬ ውስጥ የተጻፈውን ጽሑፍ የሚያነበው ማን ነው? እኛስ የአዴት ልጆች ከአንባቢዎቹ መካከል እንቈጠራለን?

ጽሑፍ ማለቴ ለማጋነን አይደለም። በሥነ ሕይወት ትምህርታችን እንደ ተማርነው፣ በሕይወት ያለ ሁሉ በሕዋሱ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ሰንሰለት አለው። የሰንሰለቱ ቀለበቶች አራት ዓይነት ብቻ ሲሆኑ፣ ሊቃውንት ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ በሚባሉ አራት ፊደላት ይጽፏቸዋል። የእኛ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ ነው፤ የፍጥረት ፊደል ግን አራት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አገዳው ረጅም ወይም አጭር የሚሆነው፣ ዛላውም ነጭ ወይም ቀይ የሚሆነው በእነዚህ በአራቱ ፊደላት አሰላለፍ ነው።

የጤፍ ጽሑፍ መጀመሪያ በሰፊው የተነበበው በእኛ አገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዘሪሁን ታደለ ከሚመሩት ቡድን ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች፣ ጸደይ የተባለውን የጤፍ ዘር አንብበው ውጤቱን ለዓለም አወጡ። በዚያ ሥራ የደብረ ዘይት የምርምር ማእከል ሰዎችም ተካፋይ ነበሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ዳቢ የተባለው ጤፍ በአሜሪካ በሚገኙ ሊቃውንት መሪነት ይበልጥ ተሟልቶ ተነበበ። በዚህም ሥራ የጽሑፉ ርዝመት 622 ሚሊዮን ያህል ፊደል እንደሚሆን ተገመተ፤ የተነበበውም በ20 ጥንድ ክሮሞዞም ላይ ተሰልፎ ተገኘ፤ ከ68 ሺህ በላይ ዘረ መልም ተቈጠረበት።

622 ሚሊዮን ፊደል ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ስሌት ልስጥ። አንድ ሰው ሳይበላና ሳይተኛ በየሰኮንዱ አንድ ፊደል ቢያነብ፣ የጤፍን ጽሑፍ ለመጨረስ ከ19 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከዚህ የተነሣ ይህ ንባብ ያለ ኮምፒውተር አይሞከርም። ኮምፒውተርም ቢሆን በትክክል ያላዘዙትን አይሠራም።

ብዙዎቻችን ኮምፒውተርን የምናውቀው በሥዕልና በቁልፍ ነው፤ ፋይሉን ጠቅ እናደርጋለን፣ ይከፈታል፣ እናያለን፣ እንዘጋለን። ለአንድ ፋይል ይህ መልካም ነው። የዘር ተመራማሪ ግን አንድ ፋይል ብቻ ይዞ አይቀመጥም። በቤተ ሙከራ ናሙና የሚቀመጥባት ሰሌዳ እንኳ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች አሏት፤ ከእያንዳንዱም አንድ ፋይል ይወጣል። አንዱን ከፍቶ አይቶ ለመዝጋት አራት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሁሉን ለማየት ከስድስት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ሲደክምም ሰው ይሳሳታል።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ሌላ መንገድ አላቸው። ተርሚናል የሚሉትን ጥቁር መስኮት ይከፍቱና ትእዛዛቸውን በቃል ይጽፋሉ። ትእዛዙም ወደ አማርኛ ቢመለስ እንዲህ ያለ ነው፤ «በዚህ ማኅደር ውስጥ ስማቸው በፋስታ የሚያልቀውን ፋይሎች ሁሉ በየተራ አንሣ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት የዘር ጽሑፍ እንዳለ ቁጠር፤ ቁጥሩን ከስሙ ጋር አሳይ፤ ሲያልቅ አቁም።» ፋስታ ማለት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተፈጠረ የፋይል አጻጻፍ ሥርዓት ነው፤ እያንዳንዱ የዘር ጽሑፍ ወደ ቀኝ የዞረ የቀስት ጫፍ በመሰለች ምልክት ይጀምራል፣ ከምልክቷ ቀጥሎ ስሙ፣ ከታች ደግሞ ፊደላቱ ይጻፋሉ። ቀስቶቹን የቈጠረ ጽሑፎቹን ቈጠረ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ ለገበሬ ልጆች እንግዳ አይደለም። ደቦ የጠራ ገበሬ ለእያንዳንዱ አጫጅ ለየብቻ አያዝዝም፤ አንድ ጊዜ «ከዚህ ድንበር እስከዚያ ድንበር» ይላል፣ ማጭዱ ሁሉ በአንድነት ይነሣል። ነገር ግን ባለማሳው በስሕተት የጎረቤቱን ማሳ ያመለከተ እንደ ሆነ፣ ደቦው የሚያጭደው የጎረቤቱን እህል ነው። የትእዛዝ መስኮትም እንዲሁ ነው። ይህን ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በራሴ ላይ ደርሶ አይቼ ነው የምናገረው።

ባለፈው ክረምት ታላቅ ወንድሜ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሲመጣ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚያስፈልጉትን 96 የጤፍ ፋይሎች በኮምፒውተሩ ይዞ መጣ። ጥቂት ትእዛዞችን አስተማረኝ፤ እኔም ሦስትና አራት ቀን ከተለማመድሁ በኋላ ሁሉን ያወቅሁ መሰለኝ። አንድ ቀን እርሱ ወደ ገበያ በሄደበት ሰዓት ቀስቶቹን ልቈጥርለት ተነሣሁ። ግሬፕ የተባለውን የመፈለጊያ ትእዛዝ ጻፍሁ፤ ቀጥዬም ቀስቷን ጻፍሁ። ነገር ግን ቀስቷ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ መቀመጥ እንዳለባት ዘነጋሁ።

በዚያ መስኮት ያለ ትእምርተ ጥቅስ የተጻፈች ቀስት ትርጓሜዋ ሌላ ነው፤ «ውጤቱን በዚህ ፋይል ውስጥ አፍስስ፣ አስቀድመህ ግን የነበረውን ባዶ አድርግ» ማለት ናት። ኮምፒውተሩም አልተከራከረኝም። ዐይን ሳይጨፈን 96ቱም ፋይሎች ባዶ ሆኑ፤ በመስኮቱ ላይም ትእዛዙን አሳስቼ እንደ ጻፍሁ የሚገልጽ መልእክት 96 ጊዜ ተደረደረ። የፋይሎቹን መጠን ባይ ሁሉም ዜሮ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው ሆነብኝ።

ወንድሜ ሲመለስ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁት። «ወንድም ጋሼ፣ ሥራህን አጠፋሁብህ» ብዬ ነገርሁት። ጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ከቦርሳው አንድ ፍላሽ አውጥቶ፣ «ዋናው እዚህ አለ፤ ይህ ባይኖር ግን የዓመት ልፋቴ በአንቺ አንድ ምልክት ይሄድ ነበር» አለኝ። ከቁጣው ይልቅ ዝምታው ገሠጸኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አራት ነገር እጠብቃለሁ፤ የትምህርት ጓደኞቼም እንዲጠብቁት እመክራለሁ። መጀመሪያ፣ ከዋናው ፋይል ላይ አልሠራም፤ ቅጂውን አወጣና ዋናውን እንዳይነካ እቈልፈዋለሁ። ሁለተኛ፣ ትእዛዙን ለሁሉ ከመስጠቴ በፊት በአንድ ፋይል ላይ እሞክረዋለሁ። ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ትእዛዙን ከመፈጸሙ በፊት ምን ሊያደርግ እንደ ሆነ ጽፎ እንዲያሳየኝ አደርጋለሁ። አራተኛ፣ የጻፍሁትን ትእዛዝ ሁሉ ከነቀኑ በአንድ ፋይል እመዘግባለሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን መስኮት ያዩት ይመስለኛል።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው፣ «እንዲህ የሚያስደነግጥ ከሆነ በቁልፍና በሥዕል መሥራቱ አይሻልም?» ይል ይሆናል። አይሻልም እላለሁ። በቁልፍ የሠራ ሰው የትኛውን ቁልፍ መቼ እንደ ነካ ምስክር የለውም። በትእዛዝ የሠራ ግን ሥራው ከነመንገዱ ተጽፎ ይቀመጥለታል። የሒሳብ መምህራችን መልሱን ብቻ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ የማይሰጡት፣ መንገዱን አሳይ የሚሉት ለዚህ አይደለምን? የእኔም ስሕተት የት ላይ እንደ ሆነ በአንድ ደቂቃ የተገኘው ተጽፎ ስለ ቀረ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከአባቴ አፍ የሰማሁት ነው። «ልጄ፣ ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል? ዋግ ስንዴዬን ሲበላው ኮምፒውተርሽ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ ላይ ታላቅ ጥፋት እንዳደረሰ የሚያስታውሱ ገበሬዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ዋግ ብዙ ዝርያ አለው፤ አንዱን ዝርያ የተቋቋመ ስንዴ ለሌላው ይሸነፋል። ስለዚህ የመጣው የትኛው እንደ ሆነ ቶሎ ማወቅ ግዴታ ነው። ቀድሞ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ወራት ያልፉ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማሳው አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ማርፕል የተባለ አሠራር በሆለታ ተሞከረ። በዚህ አሠራር በእጅ መዳፍ የምትያዝ አንዲት ማሽን የዋጉን ዘረ መል እዚያው አገር ውስጥ ታነባለች፤ ማሽኗ ያወጣችውን ፊደል አጣርቶ ዝርያውን የሚለየው ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ናሙናው በተወሰደ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ ሊገኝ ይችላል። ይህን ሥራ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ከእኛ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ሠሩት። እንግዲህ ለአባቴ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ ኮምፒውተር ዋግን አያጠፋም፣ ነገር ግን ጠላትን ከነስሙ ያስታውቃል፤ ስሙ የታወቀ ጠላትም መድኃኒቱ ይፈለጋል።

ስለ ጤፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ደርሷል። በኔዘርላንድ አገር ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር የባለቤትነት መብት ተሰጥቶ ነበር። ያ መብት በዚያ አገር የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ከተማ ፍርድ ቤት ነው፤ ተከራካሪዎቹም ሁለቱም የኔዘርላንድ ድርጅቶች ነበሩ። ስለ እኛ ጤፍ ሲፈረድ ኢትዮጵያ በከሳሽነትም በተከሳሽነትም አልቆመችም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል፤ ጎተራችን ሞልቶ ሳለ ስለ ጎተራችን የሚናገረውን ዕውቀት ከሰው የምንበደር ከሆነ፣ ተረቱ ለእኛ የተተረተ ነው።

ይህን ስል የውጭ ሊቃውንትን ለመውቀስ አይደለም። ያነበቡትን ለዓለም ሁሉ በነጻ አውጥተውታል፤ እኔም በአዴት ሆኜ የዳቢን ጽሑፍ ማየት የምችለው ስለዚህ ነው። የተዘረጋ መጽሐፍ ፊት ተቀምጦ ማንበብ አለመማር ግን የራስ ጥፋት ነው። በተለይ ለእኛ ያሳፍራል፤ የአዴት የግብርና ምርምር ማእከል በደጃችን ነው፤ እጹብን የመሰለ የጤፍ ዘርም ከዚሁ ማእከል ወጥቷል።

ስለዚህ ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜያችን ሥዕል መሳልና ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ሳይሆን የትእዛዝ መስኮት ሥራም ይጨመርልን። ለዚህ አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት በነጻ የሚገኝ ሲሆን በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል፤ ፋይሎቹ አንድ ጊዜ ከመጡ ኢንተርኔት ባይኖርም ልምምዱ አይቋረጥም። ሁለተኛ፣ የሳይንስ ክበባችን ተማሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ የምርምር ማእከሉን እንዲጐበኙና ሥራውን እንዲጠይቁ ይደረግ። ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛው ያስፈራናል የምትሉ ጓደኞቼ አትፍሩ፤ ለመጀመር የሚያስፈልገው ሃያ ያህል ቃል ነው፤ ለአንድ የእንግሊዝኛ ፈተና ከምናጠናው ያንሳል።

መብራት ይጠፋል፣ ማሽኖቹ ለሁላችንም አይበቁም፣ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ትእዛዝ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይጻፋል፤ በወረቀት ላይ ያልተስተካከለ አሳብ በማሽን ላይ አይስተካከልም። ያን ቀን እኔን የጎዳኝ የማሽን እጥረት ሳይሆን የማሰብ እጥረት ነበር።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ በጥቁር መስኮት ፊት ተቀምጦ ብታዩት ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል አትበሉት። የጤፋችሁን ፊደል እየቈጠረ ይሆናል። እኛም ተማሪዎች አባቶቻችን በዐይናቸው መርጠው ያቈዩልንን ዘር፣ በፊደሉ አንብበን ለልጆቻችን ለማቈየት እንትጋ።