መንግሥት «ሲመለስ»

የማልወዳት አንዲት ቃል አለች፤ «ተመለሰ» የምትል። ስለ ተዋሰው ምጣድ ሲነገር አልጠላትም። የምጠላት የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስትገባ ነው። «በ1270 እ.ኤ.አ. የሰሎሞን ሥርወ መንግሥት ተመለሰ» ትላለች። ተማሪ ሳለን ሸመደድናት፣ ፈተና ላይ ጽፈን ማርክ አገኘንባት፣ አለፍን። ከየት ነው የተመለሰው? ማን መለሰው? ሲመለስስ በሩን አንኳኩቶ ገባ ወይስ ሰብሮ? ብሎ የጠየቀ የክፍል ጓደኛ አላስታውስም። መምህሩም እንዲጠየቅ የሚፈልግ አይመስልም ነበር።

እስቲ ቃሏን ገለጥ እናድርጋት። ከሥሯ ያለው ጦርነት ነው። ይኩኖ አምላክ የተባለ የቤተ አምሐራ ሰው ጦር ሰብስቦ በዛጉዌው ንጉሥ ላይ ተነሣ። በትውፊት እንደሚነገረው አንሳታ በተባለ ቦታ ተዋጉ፤ ንጉሡ ተሸነፈ፤ ሸሽቶም ጋይንት ውስጥ ቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ድሮ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው አይነካም ይባል ነበር አይደል? ይኼኛው ግን እዚያው ተገደለ። ስሙን አንዳንዱ ይትባረክ ይለዋል። ሌላው ደግሞ ዘኢልመክኑን ይለዋል፤ ትርጉሙም «ያልታወቀው፣ የተሰወረው» ነው ይባላል። ልብ በሉ፤ የአንድ አገር ንጉሥ ነው እንግዲህ! አሸናፊው ከነአባቶቹ ስም ዝርዝር እስከ ሰሎሞን ድረስ ሲቆጠርለት፣ ለተሸናፊው የደረሰው ስም «የማይታወቅ» የሚል ነው። የዛጉዌ ዘመን ራሱ ስንት እንደሆነ አንዱ ጸሐፊ 133 ዓመት ሲለን ሌላው ከ300 በላይ ይለናል።

ይኼ ታሪክ ስለማይጥም ሌላ ተዘጋጀልን። በዚያኛው ጦርም የለ፣ ደምም የለ። ጻድቁ ነአኩቶ ለአብ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሽምግልና ዙፋኑን በፈቃዱ ለቀቀ፤ ለሽምግልናውም የአገሩ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ ይላል። እንዴት ያምራል! ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት ባጠኑበት መጽሐፋቸው የሽምግልናው ትረካ ዘግይቶ የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። በቀደመው ትውፊት ከይኩኖ አምላክ ጎን ስማቸው የሚነሣው የሐይቅ እስጢፋኖሱ አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ይኼ ሁሉ ግን ስንቶቻችንን ነካን? ዛሬም ሠርግና ልቅሶ ላይ ስለዚያ ዘመን ከተነሣ የሚነገረው ያማረው ነው።

ከሁሉም ደግሞ የዶሮው ተረት ይገርመኛል። አንድ ዶሮ በቤተ መንግሥት ደጅ እየጮኸ ራሴን የበላ ይነግሣል ይላል። ንጉሡ ሰማና አሳረደው፤ ወጥ ቤቱ ግን ራሱን ይጥለዋል፤ የከብት በረት ጠባቂ የነበረው ልጅ አንሥቶ ይበላዋል። ልጁ ይኩኖ አምላክ ነው። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ እሱ ሐቀኛ ነው። ቢያንስ ልጁ ሊነግሥ የቻለው ዕድል አግኝቶ ያገኘውን ስለዋጠ እንጂ የአያቱን ርስት ስለተረከበ ነው አይልም።

የርስቱ ሰነድ የመጣው ኋላ ነው። ክብረ ነገሥት ዛሬ በምናውቀው መልኩ በግዕዝ የተዘጋጀው ከጦርነቱ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ዝግጅቱም በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ስም ይታወቃል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉልኝ፤ መጀመሪያ ጦር፣ ቀጥሎ የዘር ሐረግ። ይኼ የይኩኖ አምላክ ብቻ አይደለም። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ፣ ውቤ ለራሱ ንግሥ ባዘጋጀው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ፤ የሰሎሞን ልጅነቱም ተከተለው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጀምሮ ሳይቋረጥ የወረደ ዘር ነው ብሎ በአንቀጽ አሰፈረው። ሳይቋረጥ! ዛጉዌዎች የት ሄዱ ታዲያ? በዚያ አንቀጽ እነሱ አልነበሩም።

የሚያስቀው እንዲህ ያልነበሩት ሰዎች የሠሩት መኖሩ ነው። ላሊበላ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ «ባለ ርስት ያልሆኑ ሰዎች የሠሩት» ተብሎ አልተመዘገበም። ቤተ ክርስቲያናችንም ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ሐርቤን፣ ላሊበላንና ነአኩቶ ለአብን ቅዱሳን ብላ ታከብራቸዋለች። ዙፋኑ አይገባቸውም የተባሉት ጽድቁ ግን ተገባቸው። ይኩኖ አምላክም ቢሆን ነገሩ የገባው ይመስለኛል፤ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ፣ በተሸናፊዎቹ አገር፣ በተሸናፊዎቹ አሠራር ከአለት የተፈለፈለችው ገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ የሱ ሥዕል አለ።

«አንተ ደግሞ ታሪካችንን ታጣጥላለህ» የሚለኝ አይጠፋም። አላጣጣልኩም። ይኩኖ አምላክ እንደ ዘመኑ ሰው ተዋግቶ ነገሠ፤ በዚያው ምዕተ ዓመት በአውሮፓም በእስያም የሚነግሡት እንደዚያው ነበር። ሰውዬው 15 ዓመት ገዝቷል፤ የመሠረተው መንግሥት ብዙ ምዕተ ዓመታት ዘልቋል። የሚያናድደኝ ተዋጋ መባሉን የምናፍርበት እኛ ነን። አሸነፈ እንዳንል «ተመለሰ» እንላለን።

ይቺ ቃል ደግሞ ልጅ ትወልዳለች። «ተመለሰ» ያልን ቀን «ተሰረቀ» የሚልም ይነሣል። ዛሬ የአገው ዙፋን በአማራ ተነጠቀ ብሎ የ1270ን ሒሳብ ሊያወራርድ የሚፈልግ አለ፤ የለም፣ ባለቤቱ እጅ ገባ ብሎ የሚመልስለትም አለ። ሁለቱ ጠላት ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ዙፋን የአንድ ቤት ዕቃ ነው፣ ወይ ተሰርቋል ወይ ተመልሷል ብለው ያምናሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ ጦርነቱም ጋይንት ነፋስ መውጫ ድረስ ሲዘልቅ፣ አውቶቡስ ውስጥ የሰማሁት ክርክር ይኼው ነበር፤ ማን የማንን «ያስመልሳል» የሚል። ከ700 ዓመት በላይ አልፎም እዚያው ጋይንት!

ደግሞም ተመለሰ የተባለው ቤት ውስጥ ሰላም ወረደ ወይ? ልጁ ይግብአ ጽዮን በ1294 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ ልጆቹ ዙፋኑን እየተቀባበሉ ነገሡበት። ለመሳፍንቱ የተገኘው መላ ግሸን አምባ ላይ ወስዶ መዝጋት ሆነ። ወንድም ወንድሙን ገደል ላይ እያስጠበቀ ነበር የሚነግሠው። ዘሩ የጠራ መሆኑ ማን በማን ይተካ የሚለውን ጥያቄ አልፈታውም፤ አምባው ግን ለብዙ ጊዜ ሥራ አላጣም።

እናም የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው እትም «በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ የዛጉዌውን ንጉሥ በጦርነት አሸንፎ ዙፋኑን ያዘ» ብላችሁ ጻፉልን። ከድሮዋ ዐረፍተ ነገር በጥቂት ቃል ትረዝማለች፤ የወረቀቱን እኔ እችላለሁ።