ባቡሩ የኛ፣ ፎቶው የማን?

‹‹አንተ ልጅ! ምንድን ነው የምታነሳው?››

ጊዜው የሚያዝያ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ኮሮና ከገባ ወር አልፎታል፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሰንብቷል፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ታውጇል። እንደ አንዳንዱ አገር በር አልተቆለፈብንም፤ ‹‹ቤት ቆዩ›› ግን ተብለናል። እኔም ጉርድ ሾላ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ላፕቶፔን ታቅፌ ‹‹ከቤት እየሠራሁ›› ነበር። ሥራው ግማሽ ቀን አይሞላም። የቀረውን ምን ላድርገው? ፌስቡክ ሰለቸኝ፣ ፊልሙ አለቀ፣ ሽሮውም አረረ።

የቀረኝ ባቡሩ ነው። ደረጃው ጋ ያለችው በረንዳ ላይ ከቆሙ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴና ነጭ ባቡር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ለጊዜ ማሳለፊያ አነሳሁት። ከዚያ ሱስ ሆነብኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሁሌም ከዚያችው ቦታ፣ በዚያችው ስልክ። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ።

በሃያ አራተኛው ቀን የጎረቤት ግቢ ጥበቃ ከታች ሆነው አዩኝ። ብቻቸውን አልመጡም። ባልደረባቸውን ይዘው፣ አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው አስከትለው ወጡ። ጫጫታውን የሰሙት ጎረቤቴም ‹‹ምን አጠፋ?›› እያሉ ብቅ አሉ። ልብ በሉ! አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ይከለክላል። እኛ አንድ የባቡር ፎቶ ለማጥፋት አምስት ሆነን ጠባብ በረንዳ ላይ ቆምን። እጅ መጨባበጥም ክልክል ነው። ስልኬ ግን በሦስት ሰው እጅ ዞረ።

‹‹ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ አጥፋው!››

‹‹እሺ ጋሼ›› አልኩና አጠፋሁ። ሁሉንም። የሚያናድደኝ የእሳቸው ትእዛዝ ብቻ አይደለም፤ የእኔ ‹‹እሺ ጋሼ›› ጭምር ነው። ‹‹በየትኛው ሕግ?›› ብዬ አልጠየቅኩም። ከመጡትም መካከል አንድ አንቀጽ የጠራ አልነበረም። ‹‹ክልክል ነው›› የምትለዋ ሐረግ ራሷ አዋጅ ሆና አረፈች።

እስቲ አሁን፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ ልከራከር።

በመጀመሪያ ባቡሩ የማን ነው? የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወደ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። ብድር ደግሞ በጥበቃዎች አይከፈልም፤ ከሕዝብ ካዝና ነው የሚከፈለው። ባለቤቱ ንብረቱን ማየት ከቻለ፣ ያየውን ስልኩ ላይ ቢያስቀር ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመሰብሰብና የማሰራጨት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ በሥነ ጥበብ መልክም ቢሆን። ‹‹ከበረንዳ ላይ ካልሆነ በስተቀር›› የሚል የለበትም።

‹‹የጸጥታ ጉዳይ ነው›› የሚል አይጠፋም። እሺ፣ እናስበው። ይህ ባቡር የሚሄደው ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ፣ በአስፋልቱ መሐል፣ ሁሉም ዓይን እያየው ነው። ጣቢያዎቹ በኢንተርኔት ካርታ ላይ ከነስማቸው ተቀምጠዋል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ካሜራ ሁሉ ተረባርቦ አንስቶታል። ታዲያ ያን ቀን ያልተነካው ጸጥታ በእኔ ስልክ እንዴት ተናጋ? መቆጣጠሪያ ክፍል ልግባ ያለ የለም፤ ካምፕ ላንሳ ያለም የለም። ከቤቴ በረንዳ ላይ የሚታየኝን አነሳሁ። ጥፋቱ ይኸው ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እዚህ አገር ክልክል የሆነው ፎቶ ሳይሆን ያልተፈቀደለት ሰው ፎቶ ነው። ሪባን ሲቆረጥ ይነሳል። ባለሥልጣን ሲሳፈር ይነሳል። ማክሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባቡሩ ስንት ሰው ይዞ እንዳለፈ ግን የሚያነሳ የለም። በዚያ ሰሞን፣ ሌላ ጊዜ በር ላይ ተጣብቆ ይጓዝ የነበረው ሕዝብ፣ ጭምብል አድርጎ፣ ተራርቆ፣ መስኮት መስኮቱን እያየ ሲያልፍ ነበር። ያን የመሰለ አዲስ አበባ ከዚያ በፊት አላየሁም። ሃያ ሦስት ቀን መዝግቤው ነበር። አሁን የለም።

እና ምን ይጠቅም ነበር? ይሄ ይጠቅም ነበር፦ በኋለኞቹ ዓመታት ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል የሚል ዜና ሰማን። መቼ ነው መቀነስ የጀመሩት? በየስንት ደቂቃው ያልፉ የነበሩት ናቸው የራቁት? ይህን ከሪባኑ ፎቶ አታገኙትም። በየሰፈሩ አንድ ሥራ የፈታ ልጅ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ቢያነሳ ኖሮ ግን፣ ስልኩ ቀኑንና ደቂቃውን ራሱ ይመዘግብለት ነበር። የተነሳ ነገር ‹‹አልነበረም›› አይባልም። የከልካዮቹም ፍርሃት፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ እዚሁ ላይ ነው።

ከዚህ በፊትም ደርሶብናል። የጂቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለገሃር ስሟን እንኳ ያገኘችው ‹‹ላ ጋር›› ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሰፈር የሰየመ፣ ትውልድ ያመላለሰ ባቡር ዝም ሲል በእጃችን የቀረው ምንድን ነው? የውጭ ሰው ያሳተመው ፖስት ካርድና በየቤቱ አልበም ውስጥ የተወሸቀ ፎቶ። ‹‹ቪንቴጅ አዲስ አበባ›› የተባለው ሥራ የድሮዋን ከተማ ያሳየን እኮ በቤተሰብ አልበም ነው። የተራ ሰው ፎቶ ባይኖር ትዝታችንም ባልኖረ።

ጀለሶቼ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጡብኛል፦ ‹‹ሰው እንጀራ አጥቶ አንተ ባቡር ታነሳለህ?›› አዎ፣ አነሳለሁ! ባቡሩ ሲጀምር ታሪፉ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ማንን ነው የሚጭነው? ያንኑ እንጀራ ፍለጋ የሚወጣውን ሰው ነው። እሱ በወረርሽኝ መሐል እንዴት እንደተጓዘ መመዝገብ ቅንጦት ከሆነ፣ ቁም ነገር የሚባለው ምንድን ነው?

አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ሰው ሳይፈቅድ ፊቱን ማንሳት ነውር ነው። አስፈቅዱ፤ እንቢ ካለ ተዉት። ይህ ጨዋነት ይባላል። ጨዋነትና ክልከላ ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መስኮታችሁን ክፈቱ። ባቡር ከሆነ ባቡር፣ ታክሲ ተራ ከሆነ ታክሲ ተራ፣ የሚፈርስ ሰፈር ከሆነም ሰፈሩን አንሱ። ቀኑን ጻፉበት፤ ለአንድ ጓደኛም ላኩለት፤ አንድ ስልክ ላይ ብቻ ያለ ፎቶ በአንድ ‹‹አጥፋው›› ይጠፋል። መጥተው ‹‹ክልክል ነው›› ካሏችሁም አትሳደቡ፤ በትሕትና ጠይቁ፦

‹‹ይቅርታ ጋሼ፣ በየትኛው ሕግ?››

እኔ ይህቺን ጥያቄ ሳልጠይቅ ሃያ ሦስት ቀን አጥፍቻለሁ።