መሪውን ለሚስትህ ስጣት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሽርሽር ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ በተለይ ባሎች።

ሰሞኑን እዚህ ሩዋንዳ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ፣ በቅርቡ የተጋቡ ወጣቶች፣ ስልካቸው ላይ አንድ ቪዲዮ አሳዩኝ። ጡረታ የወጡ ፈረንሳዊ ባልና ሚስት አልጋና ምድጃ ባላት መኪና የአገራቸውን የባሕር ዳርቻ ይዞራሉ። ዛሬ ኖርማንዲ ያድራሉ፣ ሌላ ቀን ብሪታኒ ላይ ባሕሩን እያዩ ቡና ይጠጣሉ። «ዶክተር፣ እኛም አማረን!» አሉኝ።

አልጋ ያላት መኪና ባይኖራቸውም ቪትዝ አለቻቸው። እቅዳቸው ይሄ ነበር፦ አርብ ከሥራ መልስ ተነስቶ ሌሊቱን ሐዋሳ መግባት፣ ቅዳሜ አርባ ምንጭ፣ እሁድ ማታ አዲስ አበባ። ደርሶ መልስ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እኮ!

«ማን ነው የሚነዳው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ!» አለ ባል። ሚስት ዝም አለች። እሷም መንጃ ፈቃድ አላት፤ በየቀኑ ሥራ የምትሄደው ራሷ እየነዳች ነው።

ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌሊቱን ሙሉ ዲዩቲ አድሬ፣ በዚያው ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ሐዋሳ ሠርግ ለመድረስ ወጣሁ። ሞጆ ላይ «ትንሽ ልያዝልህ» አለችኝ። «አልደከመኝም» አልኳት። መቂን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የጎማው ድምፅ ሲለወጥና እሷ ስትጮህ ነቃሁ። መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ነበር። ከፊታችን፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው የጫነ ጋሪ ይሄዳል። እግዚአብሔር አተረፈን። ለታካሚዎቼ ስለ እንቅልፍ የምመክር ሐኪም፣ በሚስቴ መነዳት አፍሬ ልገድላት ነበር። ሰው ልገድል ነበር።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ እንቅልፍ ሳይጠግቡ መንዳት ጠጥቶ ከመንዳት ተለይቶ መታየት የለበትም። «ጎበዝ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ገባ» እያልን ማሞገሱም ይብቃን።

ለምን መሰላችሁ? 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የምላሽ ፍጥነቱ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ያቺ ቪዲዮ በተቀረጸችባት ፈረንሳይ ደግሞ በዚህ መጠን መንዳት በሕግ ያስቀጣል። አሁን አስሉት። አርብ ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው 17 ሰዓት የሚሞላው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ጎረቤቴ በዚያ ሰዓት ገና መንገድ ላይ ነበር የሚሆነው፤ መብራት የሌለው ጋሪና ጥግ ላይ የቆመ ሲኖትራክ ባለበት መንገድ።

ሽልብታ ደግሞ አያስጠነቅቅም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአራት ሰከንድ ከ110 ሜትር በላይ ይጓዛል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ የኳስ ሜዳ አቋረጣችሁ ማለት ነው።

«ያለችን ሁለት ቀን ብቻ ናት፣ ምን እናድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እነዚያ ጡረተኞች ጊዜ አላቸው፣ እናንተ ሰኞ ሥራ አለባችሁ። ግን ጊዜው ካነሰ ማሳጠር ያለብን መንገዱን ነው እንጂ እንቅልፉን አይደለም። ቢሾፍቱ አለ፣ ላንጋኖ አለ። አርባ ምንጭ የትም አይሄድም፤ ረዘም ያለ ዕረፍት ስታገኙ ትሄዳላችሁ።

ለጉዞ የተዘጋጃችሁ ባልና ሚስት እነዚህን ያዙ፦

1. ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት ተኙ። አርብ ማታ ሻንጣ አዘጋጁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ውጡ።

2. በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፤ ፈረንሳዮችም ሾፌሮቻቸውን የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ወርዳችሁ ተራመዱ፣ ለእግር የደም ዝውውርም ይጠቅማል። ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ እዚያው ተቀያየሩ። ለምሳሌ እስከ ባቱ አንዳችሁ፣ ከባቱ ሐዋሳ ሌላችሁ።

3. ማዛጋት ከጀመራችሁ፣ መስመር ከሳታችሁ፣ ያለፋችሁትን መንገድ ማስታወስ ካቃታችሁ ቁሙ። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር እንቅልፍን አያባርርም። ማደያ ወይም ሆቴል ግቢ ገብታችሁ ቡና ጠጡ፣ ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሸለብ አድርጉ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው እናንተ ስትነቁ ነው። መኪና ውስጥ ስትተኙ ሞተር አጥፉ፣ መስኮት ገርበብ አድርጉ። ከሰል ይዞ መኪና ወይም ድንኳን ውስጥ መግባት ደግሞ በፍጹም አይሞከርም፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ ይገድላል።

4. ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት፣ እንዲሁም ከምሳ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሰውነታችን እንቅልፍ የሚፈልግባቸው ሰዓታት ናቸው። ሌሊቱን አትንዱ፤ ከሰዓቱንም ተጠንቀቁ።

5. ጫት ድካምን ይደብቃል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶችም ያስተኛሉ፤ ከመንዳታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ባሎች ሆይ፣ አንድ ነገር ልጨምር። «ሴት እየነዳችው» ይሉኛል ብለን የምንፈራው ሰው መንገድ ላይ አንዴ አይቶን ያልፋል። አጠገባችን የተቀመጠችው ግን የልጆቻችን እናት ናት። መሪውን ስትጠይቅህ ስጣት። ሚስቶችም፣ ደክሞት ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ዝምታ እዚህ ጋ ጨዋነት አይደለም።

ጎረቤቶቼ እቅዳቸውን ቀየሩ። ቅዳሜ ጠዋት ወጥተው ላንጋኖ አደሩ፣ እሁድ በጊዜ ተመለሱ። ከመንገድ ላይ የላኩልኝን ፎቶ ሳየው እስካሁን ያስቀኛል፦ ማደያ ላይ ቆመዋል፣ እሷ መሪው ጋ ተቀምጣ ትስቃለች፣ እሱ ጎኗ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከፈረንሳዮቹ ቪዲዮ ይልቅ ይሄ አማረኝ።

እናንተስ? ረጅም መንገድ ስትሄዱ መሪውን ትቀያየራላችሁ? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። መንገድ ሊወጣ ላሰበ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት። በሰላም ግቡ!