በፖስታ የመጣ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ2017 ለአውስትራሊያ መራጮች በየአድራሻቸው በተላከው ፖስታ ውስጥ አንድ ጥያቄና ሁለት ሳጥኖች ነበሩ። ሕጉ ተሻሽሎ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ጥንዶች እንዲጋቡ ይፈቀድ? አዎ ወይም አይ። ወረቀቱ ለአለቃም፣ ለጎረቤትም፣ ለአጎትም ደረሰ። ጉዳዩ የራሳቸው የሆነው ጥንዶች ከማያውቁት ሰው ሁሉ ይሁንታ ሲጠብቁ ከረሙ፤ ይህ ሰውን ያዋርዳል።

ለውጡን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት ነበሩ። እህታቸው ክሪስቲን ፎርስተር፣ በወቅቱ የሲድኒ ከተማ ምክር ቤት አባል፣ ከሴት አጋራቸው ጋር ቀለበት አስረው ሕጉን ይጠብቁ ነበር። ወንድምና እህት በአደባባይ ተቃራኒ ጎራ ያዙ። ውጤቱ ሲነገር 61.6 በመቶው “አዎ” አለ፤ በአቦት የምርጫ ክልል በዋሪንጋ ደግሞ ወደ 75 በመቶ ደረሰ። ፓርላማው ሕጉን ሲያጸድቅ አቦት ድምፅ ሳይሰጡ ከአዳራሹ ወጡ። በ2018 ግን በእህታቸው ሠርግ ላይ ተገኙ።

አቦት እንደ እምነታቸው የመቃወም መብት ነበራቸው፤ ያንን ማንም ሊነፍጋቸው አይገባም። ጥፋቱ የጥቂቶችን መብት ለብዙኃኑ ቆጠራ አሳልፎ መስጠቱ ላይ ነው። እዚያው ሲድኒ፣ ብዙ ስደተኞች በሚኖሩበት በብላክስላንድ የምርጫ ክልል፣ 73.9 በመቶው “አይ” ብሏል። አገሩ ሁሉ እንደ ብላክስላንድ ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ የእነዚያ ጥንዶች መብት ባዶ ይሆን ነበር? በፍጹም። ሕግ ማውጣት የፓርላማው ሥራ ነበርና ያለ ፖስታው ሊሠራው ይገባ ነበር።