ስለ ማስታወስ ኀይል

በቄስ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ ሲያወርድ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። ትምህርቱ የማይያዝለትን ልጅ ግን ባልንጀሮቹ ደደብ እያሉ ይዘብቱበታል። ይህ ፍርድ የጐደለው ነገር ነው፤ ማስታወስ ታላቅ ሀብት ቢሆንም ሰው በእርሱ ብቻ አይመዘንምና።

በአሜሪካ አገር ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል ሰው ነበረ። የሚጥል በሽታ እጅግ ስላስጨነቀው በፈረንጆች ቍጥር በ1953 ዓመት፥ ዕድሜው 27 ሲሆን፥ ሐኪሞች ራሱን ከፍተው ከአንጎሉ ጥቂት ክፍል አወጡለት። በሽታው ቀነሰ፤ ነገር ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ያየውና የሰማው ነገር ሁሉ ወዲያው ከልቡ ይጠፋ ጀመር። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ሊቅ ሴት ብዙ ዓመት እየተመላለሰች ስትመረምረው፥ በመጣች ቍጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላት ነበር።

ሆኖም ስሙንና የልጅነቱን ዘመን አልረሳም። ደግሞም በመስተዋት እያየ የኮከብ ሥዕል እንዲከተል ባዘዘችው ጊዜ፥ ትናንት መሥራቱን ሳያውቅ እጁ ከቀን ወደ ቀን ሠለጠነ። በ2008 ዓመት በ82 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ጨዋና ገር እንደ ነበረ ያወቁት ሁሉ መስክረዋል። እንግዲህ ትዝታው ቢጠፋም ጠባዩ አልጠፋም።

እንዲህ ሲባል ማስታወስ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሄንሪ ብቻውን መኖር ስላልቻለ ዕድሜውን ሙሉ በሰው እጅ ኖረ። ስለዚህ ጤናማ አእምሮ ያለው ልጅ ሊያሠለጥነው ይገባል። ኤቢንግሃውስ የሚባል የጀርመን ሊቅ ትርጕም የሌላቸውን ቃሎች እያጠና ራሱን መረመረ፤ በ1885 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍም፥ ሰው ከተማረው አብዛኛውን የሚረሳው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች እንደ ሆነ፥ በየቀኑ ከፋፍሎ ቢደግመው ግን እንደሚጸናለት ገለጠ። የኔታዎችስ ይህን ሳይጽፉት ያውቁት ነበር። የቃሉን ትምህርት በጨለማ፥ ያለ መጽሐፍ ያስደግማሉ፤ ዐይን በመጽሐፉ ላይ ሲሆን ልብ ይሰንፋልና።

ታዲያ አንዱ ሁለት ጊዜ ብሎ የያዘውን ሌላው ዐሥር ጊዜ ቢል ምን ነውር አለው? ቶሎ የሚይዘው ልጅ ከመዘበት ይልቅ ማታ ከአጠገቡ ተቀምጦ ያስጠናው፤ ሲያስጠና ለራሱም ድጋሚ ይሆንለታል።