ፊዶኔት ሞተ፤ ማጥፊያው ግን በአንድ እጅ ቀረ!

ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይላሉ አበው። እውነት ነው። ይሁንና ያለፈው ክረምት ጣሪያችን የቱ ጋ እንደሚያፈስ አሳይቶን ያለፈ ከሆነስ? ዛሬ ስለ አንድ የሞተ ቴክኖሎጂ የምናነሳው ለትዝታ ብለን አይደለም። ጣሪያው አሁንም ስለሚያፈስ ነው።

ነገሩ ፊዶኔት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ፣ በሳንፍራንሲስኮ ሆኖ፣ የግለሰብ ኮምፒዩተሮች በተራ የስልክ መስመር መልእክት የሚለዋወጡበትን ዘዴ ፈጠረ። አሠራሩ የፖስታ ቤት ዓይነት ነው። ሰው ደብዳቤውን ይጽፋል። ጣቢያ የሆነው ኮምፒዩተር የሁሉንም ደብዳቤ ሰብስቦ እንደ ጆንያ ይቋጥረዋል። ሌሊት፣ ስልክ ሲረክስ፣ በሞደም ለጎረቤት ጣቢያ ይደውላል። የያዘውን አራግፎ የመጣለትን ተሸክሞ ስልኩን ይዘጋል። ጎረቤትየውም ለሚቀጥለው ያቀብላል። መስመሩ መሀል ላይ ቢበጠስ ደብዳቤው አይጠፋም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ኮምፒዩተሩም ደግሞ ይደውላል። በቃ ይኸው ነው!

«ታዲያ ይሄ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ምናችን አይደለም ጎበዝ! በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚችው በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ፣ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል የፊዶኔት ጣቢያ አቁሞ ነበር። በአህጉሩ ይህን ሥራ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል በገንዘብ ይደግፍ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ጆንያ ለንደን ግሪንኔት ከሚባለው ድርጅት ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት ውስጥ ይገባል። ከምሁሩም፣ ከእርዳታ ድርጅቱም ሠራተኛ ማታ ጽፎ መልሱን በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የሚያነብ ነበር። በሰከንድ 2400 ቢት የሚያሳልፍ ሞደም አንድ ገጽ ጽሑፍ ለመላክ አሥር ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ስለሆነ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፉ መግባባት ግድ ነበር። ተንቀራፎ ነበር፣ ግን ይደርስ ነበር።

በጥር 1997 መንግሥታዊው የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ፊዶኔትም ቀስ በቀስ ተረሳ። ለምን ተረሳ ብለን አናለቅስም። የተሻለ ሲመጣ የቆየው ይሄዳል። ፊዶኔት ጻድቅ ነበር ብለንም አንዋሽም። እሱም የሚሄደው በዚያው በመንግሥት የስልክ ሽቦ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ከፈለገ ደብዳቤውን ከፍቶ ማንበብ ይችል ነበር። ተጠቃሚውም በጣት የሚቆጠር ነበር። ለአገር የሚበቃ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ነበረው። ባለቤት አልነበረውም! ከላይ ተቀምጦ «ዛሬ ይዘጋ» የሚል አለቃ አልነበረውም። ያንን ዝም ለማሰኘት የአገሩን ስልክ በሙሉ መቁረጥ ያስፈልጋል። የዛሬውን ኢንተርኔት ዝም ለማሰኘትስ ምን ያስፈልጋል? አንድ ትዕዛዝ። በቃ።

ማስረጃ አምጡ ለሚል ማስረጃው ሞልቷል። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘግቶ የተከፈተው በ2007 ነው። በሰኔ 2019 ከባሕር ዳሩና ከአዲስ አበባው ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሰኔ 2020 ማለቂያ ላይ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ለሳምንታት ጠፋ። ከኅዳር 2020 ጀምሮ በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም በአብዛኛው ለሁለት ዓመት ገደማ ተቆረጠ። እናት የልጇን መኖርና መሞት ሳታውቅ ከረመች። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የትኛው ነው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የተዘጋው? ለተጎዳው ነጋዴ፣ ደመወዙን ላላወጣው ሠራተኛ ካሳ የከፈለ አለ? «ሲስተም የለም» ተብሎ ከባንክ በር የተመለሰው ሕዝብ ይመስክር!

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። እኛም በጥቅምት 2022 ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምርና የኢትዮ ቴሌኮም ብቸኝነት ሲያበቃ ደስ ብሎናል። ዋጋው ይቀንሳል፣ አገልግሎቱ ይሻሻላል ተባለ። ይሁን። ነገር ግን ሱቁ ሁለት ሆኖ የበሩ ቁልፍ አንድ ከሆነ ምን ተረፈን? ሁለት ኩባንያ ቢኖርም፣ አሥር ቢኖርም፣ ሁሉም «ዝጋ» ሲባል የሚዘጋ ከሆነ ደንበኛው ያው ጨለማ ውስጥ ነው።

የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ወሰን ሐሳብና መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 26 ደግሞ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሽቦው ላይ ሲደርስ ግን ወዴት እንደሚጠፋ እንጃ!

ችግር የለም፣ ፀጥታ የሚባል ነገር የለም አንልም። እሳት ሲነሳ የሚያቀጣጥል ወሬም አለ። ግን ቤት ሲቃጠል የሰፈሩን ጉድጓድ ሁሉ መድፈን እሳት ማጥፋት ነው እንዴ? ሰው በጭንቅ ጊዜ ነው ይበልጥ መደዋወል የሚያስፈልገው። አምቡላንስ የሚጠራው፣ ከየትኛው መንገድ መሸሽ እንዳለበት የሚጠይቀው ያኔ ነው። ደግሞም ወሬ በጨለማ ይፋፋል እንጂ አይሞትም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም መዝጋት በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ለምን እንዳዘዘና እስከ መቼ እንደሚቆይ ለሕዝብ በይፋ ይነገር። ሦስተኛ፣ ስልክ ጥሪና አስቸኳይ አገልግሎት ከቶውንም አይነካ። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ያኔ በሌሊት የሚደውል አንድ ሞደም «አልደረሰም» ብሎ ተስፋ አይቆርጥም ነበር። ደግሞ ይደውላል፤ እስኪያነሱለት ይደውላል። እኛም ይኸው ደውለናል። የሚያነሳ እስኪገኝ ደግመን እንደውላለን!