መክሊትን በመሬት ስለ መቅበር

በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ፥ በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ፥ በዓለም ገና አልፎ ወደ ሰበታ የሚጓዘውን ሕዝብ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ከመንገደኞቹ ብዙዎቹ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ጠበል ለመጠመቅ ሳይሆን፥ ደላላ ያገኘላቸውን መቶ አርባ ወይም ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ቦታ በዓይናቸው ለማየት የሚሄዱ መሆናቸውን ያስተውላል። በባሕር ዛፍ ችካልና በሲባጎ የታጠረውን ሣር ዞረው ዞረው ካዩ በኋላ፥ ባልና ሚስት ዐሥርና ሃያ ዓመት ያጠራቀሙትን ጥሪት፥ ከዕቁብ የወጣውን፥ ከወንድም የተበደሩትን፥ ከባሕር ማዶ የተላከላቸውን ሁሉ አንድ ላይ አድርገው ያስረክባሉ፤ ለምን ሁሉንም በአንድ ቦታ እንዳዋሉት የጠየቃቸው ቢኖር፥ መልሳቸው ከአባቶች እንደ ወረሱት ቀኖና አንድና ያው ነው፤ «መሬት አይከዳም» ይላሉ። ቤተ ሰብ የሚያድርበትን ጎጆ መቀለስ የተቀደሰ ተግባር መሆኑን አልክድም፤ የምቃወመው የአንድ ቤት ሀብት በሙሉ በአንድ ቁራሽ መሬት፥ በአንድ ከተማ፥ በአንድ ማኅተም ላይ እንዲንጠለጠል የሚያስገድደውን ይህን እምነት ነው።

ሠላሳ ዓመት ያስተማረ አንድ ወዳጄ ከገፈርሳ ግድብ ማዶ እንዲህ ያለ የመቶ አርባ ካሬ ቦታ ነበረው። ውሉን በፌስታል ጠቅልሎ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ሥር ያኖር ነበር፤ ሦስት እማኞች በሐምራዊ ቀለም የአውራ ጣታቸውን አሻራ ያኖሩበት፥ ከመታጠፉ ብዛት በመካከሉ ሊበጠስ የደረሰ አንድ ወረቀት ነበር። ወዳጄ ኩላሊቱን በታመመ ጊዜ ለሕክምናው ያስፈለገው ገንዘብ ከቦታው ዋጋ አራተኛው እጅ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ይሁን እንጂ ከመቶ አርባው ካሬ ላይ ሠላሳውን ቆርሶ ለመሸጥ ሕጉም ገበያውም የማይፈቅድ ስለ ሆነ፥ የመታመሙን ወሬ አስቀድሞ የሰማው ደላላ በቈረጠው ዋጋ፥ ጎረቤቶቹ ከሸጡበት እጅግ ባነሰ፥ ሙሉውን አስረከበ። ልጠይቀው በሄድሁበት ቀን፥ ትራሱን ተደግፎ፥ «ወንድሜ፥ መሬቱስ አልከዳኝም፤ ስጠራው ግን አቤት አላለኝም» አለኝ።

«መሬት አይከዳም» የሚለው ብሂል ከየት እንደ መጣ ማሰብ ያስፈልጋል። በሰሜኑ አገራችን ርስት የማይሸጥ የማይለወጥ፥ በደም የሚወረስ፥ ሰው ከአገሩ ቢሰደድ እንኳ ልጅ ልጁ ተመልሶ የሚጠይቀው መብት በነበረበት ዘመን፥ መሬት አይከዳም ያለ ሰው እውነት ተናግሯል። ነገር ግን ያው ባለ ርስት ምን ያደርግ እንደ ነበር እናስታውስ፤ እርሻው በአንድ ስፍራ የተከማቸ አልነበረም፤ አንዱ ማሳ ከቈላው አፋፍ፥ አንዱ ከወይና ደጋው፥ ሌላው ከደጋው ይሆንና፥ በረዶ የአንዱን አዝመራ ቢመታ የሌላው እንዲተርፍ፥ ገብስ ቢከስል ባቄላው እንዲያፈራ፥ አንዳንዱም በአንድ ማሳ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ይዘራ ነበር። እኛ ከዚያ ሰው ቃሉን ወረስንና ጥበቡን ጣልነው።

ዛሬ በደላላ በኩል የሚገዛው ነገር ደግሞ ርስት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም ብሏል፤ የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅም የከተማን ቦታ በዘመን የተወሰነ ይዞታ አድርጎታል። እንግዲህ ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛው ቦታ፥ ካርታ እስኪወጣለት ድረስ፥ በሕግ ፊት ገዥው ያለው ተስፋ ብቻ ነው። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃለው በ2015 ዓ.ም. ሸገር የሚባል ከተማ ሲመሠረት፥ ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው የተባሉ እጅግ ብዙ ቤቶች መፍረሳቸውን አገር ሁሉ ያውቃል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ድርጊቱን መርምሮ መግለጫ አውጥቷል። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቈየዋለሁ፤ እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ፥ ከእነዚያ ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ በፈረሰው ቤት ውስጥ የጡረታቸውም፥ የልጆቻቸው ትምህርትም፥ የክፉ ቀን መጠባበቂያቸውም አብሮ የነበረ መሆኑ ነው።

የሚከራከሩኝ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ባንክ ለቈጣቢ ከመቶ ሰባት ሲከፍል የኑሮ ውድነቱ በ2014 ዓ.ም. ከመቶ ሠላሳ በላይ መናሩን፥ ብርም በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዋጋው በጥቂት ሳምንታት ወደ ግማሽ ማሽቈልቈሉን ይጠቅሳሉ፤ እውነታቸውን ነው። በባንክ ደብተር የተቀመጠ ገንዘብ እንደ በረዶ እየቀለጠ ሲያይ ወደ አፈር የሚሸሽ ሰው አይፈረድበትም። በገብር ሄር ሰንበት የሚነበበውን ምሳሌ ሳስብ ግን፥ አንዷን መክሊት ቈፍሮ በመሬት የቀበረው ያ ባርያ፥ ገብር ሐካይ፥ ያደረገውን ያደረገው በፍርሃት መሆኑን አስታውሳለሁ፤ ፍርሃት ምክንያት ሊሆን ይችላል፥ ጥበብ ግን አይሆንም።

አሁን ደግሞ ወደ ሰበታ እንመለስ። በዚያች ከተማ የሚገኘው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በደርግ ዘመን ተወርሶ ለብዙ ዓመት በመንግሥት እጅ ከቈየ በኋላ፥ በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ለሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የሰበታ ሰው በፋብሪካው ዙሪያ ቦታ ለመግዛት ሲሻማ፥ ከፋብሪካው ራሱ ግን፥ ሌሊትና ቀን ከሚሠራው፥ ጠርሙስ ከሚሞላው፥ አንዲት አክሲዮን እንኳ የሚይዝበት በር አልተከፈተለትም። ሥራ ያለበት ነገር ለሌላው፥ በዙሪያው ያለው ጭቃ ለእኛ ሆኖ መቅረቱ ያቃጥለኛል። የግብር ሕጉም ቢሆን ዝንባሌውን አሳይቷል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከሕንፃ ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ሲጥል፥ ከአክሲዮን ሽያጭ በሚገኘው ላይ እጥፉን፥ 30 በመቶ ጥሏል፤ ሕዝቡን ወደ ድንጋይና ወደ ቆርቆሮ የገፋው ልማድ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በር ግን እየተከፈተ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራውን ጀመረ። ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው ዐሥር በመቶውን፥ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሂሳብ፥ ከሠላሳ ሦስት አክሲዮን ጀምሮ፥ ማለትም በ9,900 ብር፥ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ከ47,000 በላይ ሰዎች ገዙ፤ ሆኖም ከቀረበው መቶ ሚሊዮን አክሲዮን ገዥ ያገኘው ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል ነበር። ያን ሰሞን ዘጠኝ ሺህ ብር ለአክሲዮን አውጥቶ መስጠት ያስፈራው ሰው፥ በሱሉልታ መቶ እጥፉን ለማያውቀው ሰው በፊርማ ብቻ ሲቈጥር አይቻለሁ።

አክሲዮን ገዛሁ የሚለውም ቢሆን ሀብቱን በተነ ማለት አይደለም። በገበያው በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ፥ ቀጥሎም ገዳ ባንክ ነው፤ ብዙ የከተማ ሰውም የአምስት ባንክ አክሲዮን ይዞ «አምስት ቦታ አስቀመጥሁ» ይላል። ባንኮቻችን ግን በብዛት የሚያበድሩት ቤትና ሕንፃ በመያዣነት እየያዙ ስለ ሆነ፥ የቤት ዋጋ የወደቀ ዕለት አምስቱም በአንድነት ይናወጣሉ፤ ያ ሰው የቡራዩን ቦታ ሸሽቶ በሌላ በር ተመልሶ ገብቶበታል።

ሁሉን በአንድ ቦታ የማዋልን ይህን ስሕተት በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሲደግሙት ግን ከሁሉ ይልቅ ያስቈጨኛል፤ ምክንያቱም በእጃቸው ያለውን አያውቁትም። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆን ቦግል የተባለ ሰው፥ ባለ ሙያ ነኝ የሚል ሁሉ እየተሳለቀበት፥ የገበያውን ኩባንያዎች በየመጠናቸው የሚይዝና የሚመርጥ ሰው የማያስፈልገው ፈንድ አቋቋመ፤ በ1993 ደግሞ ይኸው ሐሳብ እንደ ማንኛውም አክሲዮን በገበያ ቀኑን ሙሉ የሚሸጥና የሚገዛ ሆኖ በኒው ዮርክ ቀረበ፤ ኢቲኤፍ የሚባለው ይህ ነው። አንዲቱን ድርሻ የገዛ ሰው በመቶና በሺህ የሚቈጠሩ ኩባንያዎች ጥቂት ጥቂት ባለቤት ይሆናል፤ ሠላሳውን ካሬ ቆርሶ መሸጥ ላቃተው ወዳጄ ያልተሰጠው ጸጋ፥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ቆርሶ መሸጥ፥ በዚህ አለ።

ሲመረጥም ጥንቃቄ ያሻል። አጠቃላይ ገበያውን ከሚይዙት ፈንዶች መካከል ዓመታዊ ወጪያቸው ከመቶ 0.03 የሆነ አሉ፤ ይህም ለዐሥር ሺህ ዶላር በዓመት ሦስት ዶላር ማለት ሲሆን፥ ከመቶ አንድ የሚያስከፍለው ግን መቶ ዶላር ይወስዳል፤ በእኛ አገር ደግሞ ደላላው በአንድ ሽያጭ ከመቶ ሁለት ሲቀበል ሁለት መቶ ይሆናል። ስማቸው የተለያየ ሦስት ፈንዶችን ገዝቶ፥ ውስጣቸው ሲገለጥ በሦስቱም እነዚያው ትልልቅ ኩባንያዎች ከተገኙ፥ የአምስቱ ባንኮች ታሪክ ተደገመ ማለት ነው፤ ስለዚህ የአሜሪካን ገበያ በሙሉ የሚይዝ አንድ፥ የሌላውን ዓለም የሚይዝ አንድ፥ ዕድሜ ሲገፋም የመንግሥት ቦንድ የሚይዝ አንድ ይበቃል እላለሁ። የአንድ ሰሞን ዝና ያላቸውን፥ በአንድ የሥራ ዘርፍ ብቻ የታጠሩትን ፈንዶች መከተል ግን ደላላን መከተል ነው።

በአሜሪካ የግብሩም ነገር ቀላል አይደለም። ኢቲኤፍ ትልልቅ ነጋዴዎች ድርሻቸውን ሲመልሱ በገንዘብ ፋንታ አክሲዮኖቹን ራሳቸውን ስለሚያስረክብ፥ ትርፉ እንደ ተሸጠ አይቈጠርም፤ ባለ ድርሻውም ራሱ እስኪሸጥ ድረስ በዚያ ትርፍ ላይ በአብዛኛው ግብር አይጠየቅም፥ ከዓመት በላይ አቈይቶ ከሸጠም ዝቅ ያለውን ግብር ይከፍላል። ወለድ የሚያፈራውን ቦንድ በጡረታ ሒሳብ ውስጥ፥ አክሲዮኑን ከዚያ ሒሳብ ውጭ ማኖር ብልህነት ነው። ሮዝ አይአርኤ በሚባለው ሒሳብ ደግሞ፥ ደንቡን ጠብቆ ለእርጅና ያቈየ ሰው፥ ያደገውን ሁሉ ያለ ግብር ያወጣል። አሠሪው ፎር-ኦ-ዋን-ኬ በሚባለው የጡረታ ሒሳብ የሚጨምርለትን ገንዘብ ትቶ፥ ያንኑ ዶላር በሰበታ ለሚተከል ችካል የሚልክ ወንድሜ፥ ስጦታን በደጅ አስቁሞ ዕዳ ወደ ቤቱ ያስገባል።

አንድ አዛውንት ይህን ሁሉ ስነግራቸው ካዳመጡኝ በኋላ፥ «ልጄ፥ በ67 እኮ ትርፍ ቤቱም አክሲዮኑም በአንድ ዓመት ተወረሰ» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ የነበረው የአክሲዮን ግብይትም በዚያው አብዮት ቀረ። ከእርሳቸው ንግግር የተማርሁት ግን ወደ አፈር መመለስን አይደለም፤ በአንድ አገር ውስጥ ብቻ የተበተነም ሀብት ገና አልተበተነም ማለት ነው፤ እኛ እዚህ ያለነው የውጭ ገበያ መንገዱ ጠባብ ስለሆነብን፥ በውጭ ያለው ልጅ ድርሻውን እዚያው ቢያኖር ቤተ ሰቡ ሁሉ ሁለት እግር ያገኛል።

የዚያ ወዳጄ ልጅ በአሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። በፍልሰታ ጾም ደውላ፥ «ጋሼ፥ የአባቴን ቦታ መልሼ ልግዛለት? ሰውየው ይሸጣል አሉኝ» አለችኝ። እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ በቃሌ ነገርኋት፤ ዝም ብላ ሰማችኝና፥ «እሱ ምን ይል ይሆን?» አለች። ስልኩን ወስጄ በጆሮው ላይ አደረግሁለት። ረጅም ጊዜ አዳመጣት፤ ከዚያም ቀስ ብሎ፥ «የመድኃኒቱ በየወሩ ይምጣልኝ፥ ልጄ፤ ቦታውን ተዪው፤ ሰውየው ጎመን ዘርቶበታል» አላት።